ያባትህ እጅ ያለበት ካምቢዮ፦ ለወንድሜ ልጅ የጻፍኩት ምክር

ልጄ፣

«ጋሼ፣ ሦስተኛ ማርሽ እየዘለለ አስቸገረኝ፤ ካምቢዮውን ላወርደው ነው» ብለህ ስትደውልልኝ ለትንሽ ጊዜ ዝም አልኩብህ። የተናደድኩ መስሎህ ይሆናል፤ አይደለም። ያችን ኮሮላ አባትህ ሲነዳት አጠገቡ ስንት ጊዜ ተቀምጫለሁ። ሦስተኛው ለምን እንደሚዘል ሳይፈታም አውቀዋለሁ። እሱን ግን መጨረሻ ላይ ነው የምነግርህ።

«ያረጀ ብረት ላይ ምን ያደክምሃል?» የሚሉህን አትስማቸው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ግብሩን አከበደ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። እጅህ ላይ ያለችውን ዲኤክስ ኮሮላ የሚተካ መኪና በቀላሉ አይገኝም። ኬኢ 70 የሚባለው ይህ ሞዴል ደግሞ በመዶሻና በትዕግሥት የሚጠገን፣ ኮምፒውተር የማይጠይቅ መኪና ነው።

ምክሩን በቁጥር ያደረግሁት፣ ከመኪናው ሥር ተኝተህ እጅህ ዘይት በነካው ሰዓት «ጋሼ፣ ስምንተኛው ምን ነበር?» ብለህ እንድትደውልልኝ ነው።

1. ሳትፈታ አዳምጥ

በካምቢዮ ስም ጋራዥ የገባ ስንት መኪና አይቻለሁ፤ ታሞ የተገኘው ግን ፍሪሲዮኑ ነበር። ስለዚህ ቁልፍ ከማንሳትህ በፊት ጆሮህን አቅና።

ሞተሩን አስነሳ፤ ማርሹን ነጻ አድርግ፤ እግርህን ከፍሪሲዮኑ ላይ አንሳ። የሚያጉረመርም ድምፅ ካለና ፍሪሲዮኑን ስትረግጥ ጸጥ የሚል ከሆነ፣ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ነው የሚጮኸው፤ ብዙ ጊዜም ከሞተሩ በሚገባው ዘንግ ላይ ያለው። ስትረግጥ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ግን የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ጠርጥር።

ሞተር ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ በቀላሉ የሚገቡ፣ ሞተር ሲነሳ ግን አንዱም እሺ የማይል ከሆነ፣ ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ ደግሞ ሸራው አልቆ ይንሸራተታል። በሁለቱም ካምቢዮውን አትውቀሰው።

አንድ ማርሽ ብቻ፣ ለምሳሌ ሁለተኛው፣ ሲገባ «ክርር» ካለ የዚያ ማርሽ የናስ ቀለበት አልቋል፤ መካኒኮች ሲንክሮ የምንለው ማለት ነው። ገብቶ ካበቃ በኋላ እግርህን ከነዳጅ ላይ ስታነሳ የሚዘልስ? ያ ያንተው በሽታ ነው። የሚጠረጠሩትም ማርሹን የሚገፋው ሹካ፣ እጅጌው፣ የተበላ የመያዣ ጥርስ፣ ወይም ማርሹን ቦታው ላይ የሚቆልፉት ኳስና ሞላ ናቸው።

2. ከርካሹ ጀምር

የማርሽ እጀታው እንደ ላላ ጥርስ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ሥሩ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ቡሽ አልቃ ሊሆን ይችላል። እሷን ለመቀየር መኪናውን ማንሳት እንኳ አያስፈልግም፤ ከውስጥ ሆነህ ትጨርሰዋለህ። የፍሪሲዮኑን ልቀት አስተካክል። ካምቢዮው የተቀመጠበት ጎማ ተሰንጥቆ እንደሆነ እይ፤ እሱ ሲላላ ካምቢዮው በየጉድጓዱ ይዘላል፤ ማርሹንም ይዞት ይዘላል። የካምቢዮውን የዘይት መጠን አረጋግጥ። እነዚህን ሁሉ አድርገህ ሦስተኛው አሁንም ከዘለለ፣ ያኔ እጅጌህን ሰብስብ።

3. ማደስ ነው ወይስ መቀየር?

ሶማሌ ተራ ብትሄድ ያገለገለ ካምቢዮ የሚያሳይህ አታጣም። «ንጹሕ ነው፣ ዘይት እንኳ አያፈስም» ይልሃል። የማያፈሰው ዘይት ስለሌለው ሊሆን ይችላል!

ያገለገለ ካምቢዮ የሰው ታሪክ ይዞ የሚመጣ ነው፤ የማን እንደነበረ አታውቅም። ልትገዛው ከሆነ የሚገባውን ዘንግ በእጅህ እያዞርክ ሁሉንም ማርሽ በየተራ አስገባ፤ የሚሻክር ወይም የሚቆራረጥ ነገር ካለ ተወው። ዘንጉን ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቅ፤ በጣም ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። የማፍሰሻውን ብሎን ፈትተህ ጫፉን እይ። እንደ ዱቄት የደቀቀ ግራጫ ብናኝ የዕድሜ ነገር ነው፤ አያስፈራም። ጣት ላይ የሚቆረቁር ፍርፋሪ ግን የጥርስ ስብርባሪ ነው።

የእኔ ሐሳብ? ጥርሶቹ ደህና ከሆኑና ችግሩ ሹካ፣ ቀለበትና ኩሽኔታ ከሆነ፣ ያንተኑ አድስ። ቅርፊቱ ከተሰነጠቀ ወይም የማርሽ ጥርስ ከተሰበረ ሌላ ፈልግ።

4. አምስተኛ ማርሽ ካማረህ ለካ

ባለ አራቱን ኬ 40 አውጥቶ ባለ አምስቱን ኬ 50 ማስገባት ብዙ ሰው ያስባል። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን አምስተኛው ጉልበት አይጨምርም። አራተኛው የሞተሩን ዙር እንዳለ ያሳልፋል፤ አምስተኛው ደግሞ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ መኪናው እንዲሮጥ ያደርጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ የ1,290 ሲሲ ሞተርህ ከጉልበቱ ያጣል። እንጦጦን ስትወጣ አምስተኛው ለጌጥ ነው። በአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ሞተርህን ያሳርፍልሃል።

ከመግዛትህ በፊት አራት ነገር ለካ፦ የካምቢዮውን ጠቅላላ ርዝመት፣ ከሥር የሚቀመጥበትን ቦታ፣ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ የሚገባበትን ጥርስ፣ የኪሎሜትር ቆጣሪው ገመድ የሚገባበትን። «ይገጥማል» የሚል ቃል ልኬት አይደለም።

5. ክሪክን አትመን

ይህ አጭር ነው፤ ግን ሁሉንም ብትረሳ ይህን አትርሳ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር አትግባ። ጠንካራ መቆሚያ አድርግበት፤ መሬት ላይ ለሚቀሩት ጎማዎች ድንጋይ ሳይሆን ሽብልቅ አድርግላቸው፤ ባትሪውንም ንቀል። መቆሚያ ከሌለህ ሥራው ይደር።

6. መሙያውን ሳትፈታ ማፍሰሻውን አትፍታ

ካምቢዮ ከጎኑ የዘይት መሙያ፣ ከሥሩ ማፍሰሻ አለው። መጀመሪያ የላይኛውን ፍታ። ማፍሰሻውን ቀድመህ ፈትተህ፣ ዘይቱ ሁሉ ከወረደ በኋላ መሙያው ዝጎ እምቢ ቢልህ፣ ባዶ ካምቢዮ ይዘህ መንገድ ዳር ቀረህ ማለት ነው። ዘይቱን በንጹሕ ዕቃ ተቀበለው፤ ናስ የመሰለ ወርቃማ ብልጭታ ካየህበት ሲንክሮዎቹ እየተበሉ መሆናቸውን ይነግርሃል።

7. የምትፈታውን ሁሉ ምልክት አድርግበት

ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ከመፍታትህ በፊት፣ ሁለቱ ፊቶች የተጋጠሙበት ላይ በቀለም መስመር አስምር። እንደነበረው ካልመለስከው በፍጥነት ስትነዳ መኪናው የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ አለ፤ አንተም ጎማውን ስታመዛዝን ትከርማለህ። የኪሎሜትር ገመዱን፣ የኋላ ማርሽ መብራቱን ሽቦ፣ ሞተሪኖውን፣ የማርሚታውን መያዣ በየተራ ንቀል፤ ብሎኖቹን እንደየቦታቸው በካርቶን ላይ ሰክተህ ጻፍባቸው። ርዝመታቸው ይለያያል፤ ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ብታስገባው አሉሚኒየሙን ይፈነቅለዋል።

ካምቢዮው ሲወጣ ሞተሩ ወደኋላ ይንጋለላል። ከሥሩ በእንጨት ደግፈው። ካምቢዮውን ስታወጣም አንድ ሰው ይርዳህ፤ ከሥር ክሪክ ይያዝልህ። ግማሹ ወጥቶ በዘንጉ ላይ ከተንጠለጠለ የፍሪሲዮኑን ሸራ እምብርት ያጎብጣል።

8. ፍሪሲዮኑን አብረህ ሥራው

ካምቢዮ ማውረድ የቀን ሥራ ነው፤ ፍሪሲዮን መቀየር የአንድ ሰዓት። ስለዚህ ካወረድክ አይቀር ሸራውን፣ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ፣ የሞተሩን የኋላ ፓራኦሊዮ አብረህ ቀይር። ዘይት የነካው አዲስ ሸራ አሮጌ ሸራ ነው። ቮላኖው ላይ ሰማያዊ የቃጠሎ ነጠብጣብ ወይም ጭረት ካየህ ቶርኖ ቤት ወስደህ አስላጠው።

ሸራውን ስትገጥም መሐል ለመሐል መሆን አለበት። የሚያስተካክለው መሣሪያ ከሌለህ ቶርኖ ቤት በልኩ እንጨት አስጠርብ፤ እኔ የሠራሁባቸው ብዙዎቹ እንዲህ ነበሩ። የመጫኛውን ብሎኖች በመስቀል አቅጣጫ፣ አንዱን ጥቂት ሌላውን ጥቂት እያደረግህ አጥብቅ።

9. ነጭ ጨርቅ ዘርጋ

ካምቢዮውን ከመክፈትህ በፊት ውጭውን በነጭ ጋዝ አጥበህ አድርቅ። የሚከፈትበት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርጋ። ነጭ የምልህ ለውበት አይደለም፤ የወደቀች ኳስ እንድትታይህ ነው።

የሹካዎቹን ዘንግ ስትመዝ ማርሹን ቦታው ላይ የሚቆልፉት ኳሶች በሞላቸው ተገፍተው ይፈናጠራሉ። በእጅህ ወይም በጨርቅ ሸፍነህ ምዘዝ። ሁለት ማርሽ በአንድ ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክሉ ትናንሽ ፒኖችም አሉ። እነሱን ረስተህ ብትዘጋ ከፈት አድርጎ ማረም የለም፤ እንደገና ማውረድ ነው።

በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ ግን በፎቶ ብቻ አትመካ። የወጣውን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ አስተኛ፤ የላይኛው ፊቱ የትኛው እንደሆነም አስታውስ። የናስ ቀለበቶቹን ከየማርሻቸው ጋር አቆይ፤ አብረው ያረጁ ናቸውና አታፋልሳቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስለኛል።

10. በዓይንህ አትፍረድ፤ ለካ

ሲንክሮ ባይኖር ኖሮ ሾፌር ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ መርገጥ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1928 ካዲላክ መኪናው ላይ ካስገባው ወዲህ ነው ነገሩ የቀለለው። የናስ ቀለበቱ ሥራ የማርሹንና የእጅጌውን ፍጥነት በመፋተግ እኩል ማድረግ ነው። ፍትጊያ ስለሆነም ያልቃል።

ቀለበቱን በማርሹ ሾጣጣ ላይ ጭነህ በጣትህ ጫን ብለህ አዙረው፤ መያዝ አለበት። ከዚያ በቀለበቱና በማርሹ ጥርስ መካከል ያለውን ክፍተት በቀጭን መለኪያ ቅጠል ለካ። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ክፍተቱ ከ0.8 ሚሊሜትር ካነሰ ቀለበቱ ይቀየራል። ሹካው ከሚገፋው እጅጌ ጋር ያለውን ክፍተትም ለካ፤ እዚያ ከ1 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ሦስተኛና አራተኛን የሚገፋው አንድ ሹካ ነው፤ እሱን በተለይ እየው።

የመያዣ ጥርሶቹን ጫፍ በጥፍርህ ዳብስ። ሹል መሆን ነበረባቸው፤ እንደ ተላሰ ከረሜላ ከተድቦለቦሉ ማርሹን አይዙም።

ኩሽኔታ ስትገዛ በካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ሳይሆን ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብብ። 6206 የሚል ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች በ5 አባዛ፤ 30 ይሆናል፤ የውስጥ ቀዳዳው 30 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። 6305 ከሆነ 25 ሚሊሜትር ነው። ይህን የሚያውቅ ገዥ ፊት ነጋዴ አይቀልድም። ኩሽኔታውን ዘንግ ላይ ስታስገባ የውስጥ ቀለበቱን ብቻ ምታ፤ የውጩን ብትመታ ምቱ በኳሶቹ በኩል ያልፍና አዲሱን ኩሽኔታ ሳይዞር ትገድለዋለህ።

ጓርኒሲዮኖቹንና ፓራኦሊዮዎቹን ሁሉ በአዲስ ተካ። ማሸጊያ ማስቲሽ ከቀባህ ስስ አድርገው፤ የተረፈው ወደ ውስጥ ወድቆ ዘይቱ ውስጥ ይንሳፈፋል።

11. በብሎን አትጎትተው

ካምቢዮውን ስትመልስ ዘንጉ በሸራው እምብርት አልፎ እስከ ሞተሩ ፊት ድረስ በእጅ ግፊት መግባት አለበት። ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ቀርቶ «ብሎኑ ይስበዋል» ብለህ ብታጠብቅ፣ የካምቢዮውን ጆሮ ትሰብራለህ። አልገባም ካለ አውጣውና ሸራው መሐል መሆኑን እንደገና እይ። አራተኛ ማርሽ አስገብተህ የኋላውን ዘንግ ጥቂት ብታዞረው ጥርሱ ቦታውን ያገኛል። የብሎኖቹንም ጥብቀት በልክ አድርገው፤ አሉሚኒየም ይቅር አይልም።

12. ዘይቱን ሳትሞላ ቁልፉን አትንካ

ወጣት ሳለሁ የአንድ ደንበኛ ካምቢዮ አድሼ፣ ገጥሜ፣ እጄን ታጥቤ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ መኪናውን ሸኘሁ። ቃሊቲ ሳይደርስ ተጣብቆ ቆመ። ዘይት አልሞላሁበትም ነበር። ሰውየው አልሰደበኝም፤ «ልጄ፣ ደክሞህ ነበር» ብቻ ነው ያለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ካምቢዮ ሳወርድ የመኪናውን ቁልፍ ከዘይቱ ቆርቆሮ ጋር አስረዋለሁ፤ ዘይቱ ሳይገባ ቁልፉ አይፈታም። አንተም እንዲሁ አድርግ።

ዘይቱ ደግሞ የትኛውም አይደለም። ቆርቆሮው ላይ ጂኤል-4 የሚለውን ፈልግ። ጂኤል-5 «የበለጠ ጠንካራ ነው» ብለው ይሰጡሃል፤ ለዲፈረንሻል እውነት ነው። ያ ጠረኑ የሚከረፋው ሰልፈር ግን ናስን ሊበላ ይችላል፤ ዘይቱም ሲንክሮው የሚይዝበትን ፍትጊያ ያለሰልስበታል። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ እስኪጀምር ሙላ። ከጥቂት መቶ ኪሎሜትር በኋላ ቀይረው፤ አዲስ ዕቃ ሲላመድ የሚያወጣው ብናኝ አብሮ ይውጣ።

13. እጅህን አንሳ

አሁን መጀመሪያ ላይ ያቆየሁብህን ልንገርህ፤ ሦስተኛው ለምን እንደሚዘል።

አባትህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሲነዳ ቀኝ እጁን ከማርሹ እጀታ ላይ አያነሳም ነበር። ወሬ ሲያወራም፣ ሙዚቃ ሲሰማም፣ እኔን ሲመክርም እጁ እዚያው ነው። ስንት ጊዜ «አንሳው» አልኩት። «ምን ይሆናል? እጄን ላሳርፈው እንጂ!» ይለኝ ነበር። ያ እጅ ሲያርፍ ግን ሹካው አያርፍም። ክብደቱ በእጀታው በኩል ሹካውን እጅጌው ላይ ይጫነዋል፤ እጅጌው ይዞራል፤ ሹካው ይሟጠጣል። ሦስተኛውን ከፍተህ ስታይ ሹካው በአንድ በኩል እንደ ሳሳ ሳንቲም ተልጦ ታገኘዋለህ። ያን ያደረገው የአባትህ እጅ ነው።

ስለዚህ ካምቢዮ አድሰህ እጅህን ካላደስክ ድካምህ ከንቱ ነው። ማርሹን አስገባና እጅህን ወደ መሪው መልስ። ግራ እግርህን ፍሪሲዮን ላይ አታሳርፍ፤ ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን አትያዝ፤ በፍሬን ያዝ። የትራፊክ መብራት ላይ ማርሹን ነጻ አድርገህ እግርህን አንሳ። ወደኋላ ማርሽ ስታስገባ መኪናው ጨርሶ ይቁም፤ እዚያ የሚያባብል ሲንክሮ የለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ «ነዳጅ ልቆጥብ» ብለህ ማርሹን ነጻ እንዳታደርግ፤ ዝቅተኛ ማርሽ አስገብተህ ሞተሩ ይያዝልህ፤ አለዚያ ፍሬንህ ግሎ ታች ስትደርስ አይታዘዝህም።

ያንን የተላጠ ሹካ እንዳትጥለው። በነጭ ጋዝ እጠበውና አምጣልኝ። ከሱ በኋላ ያረጀ እጅ የኔ ብቻ ነው የቀረው፤ ሁለቱን አጠገብ ላጠገብ አድርጌ ላያቸው እፈልጋለሁ።

አጎትህ